ጨረታው ሲቀዘቅዝ፦ ዕቃችንን እናንሳ ወይስ እንቆይ?

የምንሸጥበት የጨረታ ሳይት ይዘጋል አይዘጋም የሚለውን ወሬ ለጊዜው ተዉት። ስልካችሁን አውጡና በቅርቡ ያለቁ ጨረታዎቻችሁን ክፈቱ። ከዚያ ተጫራች ቁጠሩ።

ይህን የምለው እዚህ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር፣ ቡና ላይ የሚወራው ስላሰለቸኝ ነው። አንዱ "ባለቤቱ ሊሸጠው ነው" ይላል። ሌላው "አዲስ አፕ እየሠሩ ነው፣ ታገሡ" ይላል። ሦስተኛው "እኔ ነገ እወጣለሁ" ካለ ወራት አልፈዋል፤ ዛሬም እዚያው ነው። የሳይቱን ስም አልጠራም። እኔ ጅማ ተቀምጬ አሮጌ ራዲዮ፣ ቴፕ፣ ካሜራና የእጅ ሰዓት እሸጣለሁ። ከዩኒቨርሲቲው ለቀው የሚሄዱ መምህራን የሚተዉትን ፍሪጅና ምድጃ እቀበላለሁ። ከጠራቢዎች የምረከበው ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማም አለ። ስለዚህ ምክሬ የዕቃ ሻጭ ምክር ነው። የቴክኖሎጂ ትንታኔ የፈለገ ሌላ ሰው ይጠይቅ።

ለምን ተጫራች ይቆጠራል?

ጨረታ ላይ ዋጋውን የሚወስነው አሸናፊው ይመስለናል። አይደለም፤ ሁለተኛው ሰው ነው።

የሚሠራ አሮጌ ፊሊፕስ ራዲዮ በ2,000 ብር መነሻ ወጣ እንበል። አዲስ አበባ ያለ አንድ ሰብሳቢ እስከ 9,000 ብር ሊከፍል በሆዱ ቆርጧል። አጋሮ ካፌ ያለው ሰው ደግሞ ለማስዋቢያ ፈልጎት እስከ 5,500 ይሄዳል። ጭማሪው በ200 ብር ከሆነ፣ የአጋሮው ሰው 5,500 ላይ ሲያቆም የአዲስ አበባው በ5,700 ይወስደዋል። 9,000 ይዞ እንደመጣ ማንም አላወቀበትም። አሁን የአጋሮውን ሰው አውጡት። ራዲዮው ያው ራዲዮ ነው፤ ገዢውም ያው ገዢ ነው። የሚሸጠው ግን በ2,000 ነው። አንድ ሰው በመቅረቱ 3,700 ብር ቀረብን። ያውም የቀረው ሰው ገዢ እንኳ አልነበረም!

ለዚህ ነው "ሳይቱ ላይ ይህን ያህል ሺህ ዕቃ አለ" ሲሉኝ ልቤ የማይሞቀው። ዕቃው በዝቶ ሰው ካልተጨመረ ያሉት ጥቂት ተጫራቾች ይበተናሉ። ለእያንዳንዱ ራዲዮ አንድ አንድ ሰው ይደርሳል፤ ሁሉም በመነሻ ዋጋ ይወጣል። ከውጭ ለሚያየው ሳይቱ ሽያጭ በሽያጭ ነው። የሚነደው የሻጩ ኪስ ነው።

አቆጣጠሩ

ደብተር ያዙ። ከመጨረሻዎቹ ሃያ ያህል ዕቃዎች ጀምሩ። ለእያንዳንዱ ስንት የተለያዩ ሰዎች እንደተጫረቱ ጻፉ። ዋጋ የተጨመረበትን ብዛት አትቁጠሩ፤ ሁለት ሰዎች እልህ ተጋብተው ሠላሳ ጊዜ ሊጨምሩ ይችላሉ። ሰዎቹን ቁጠሩ። ቀጥሎ ከመነሻው ስንት ብር ከፍ እንዳለ፣ አሸናፊው ከፈለ ወይስ ስልኩን አጠፋ፣ ገንዘቡ እጃችሁ የገባው በስንተኛው ቀን እንደሆነ ጻፉ። ከዚያ የዛሬ ዓመት የሸጣችኋቸውን በዚያው መንገድ ጻፉና ጎን ለጎን አስቀምጧቸው።

ስትቆጥሩ ግን ንቁ። ምንም ገዝቶ የማያውቅ፣ ፎቶ የሌለው፣ ሁልጊዜ ዋጋ ሰቅሎ መጨረሻ ላይ የሚሰወር አካውንት ካለ ሰው ብላችሁ አትመዝግቡት። ገበያ ሲቀዘቅዝ አንዳንድ ሻጭ የአጎቱን ልጅ ማስጫረት ይጀምራል። ዋጋ ማናር ነው ሥራው። እኔ ይህን በጣም ነው የምጠላው። በሥነ ምግባር ብቻ አይደለም፤ እውነተኛው ተጫራች አንዴ ከነቃ በዚያ ሳይት ላይ ያለነውን ሁላችንንም ሌባ ብሎ ነው የሚሄደው።

እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው። በአንድ ዕቃ በአማካይ ሦስትና ከዚያ በላይ እውነተኛ ሰው ከመጣ ወሬውን አትስሙ፣ ሽጡ። ሁለት ከሆነ ሁለተኛ ቦታ ማዘጋጀት ጀምሩ። አንድ ከሆነ ያ ጨረታ አይደለም። ሰዓት የተንጠለጠለበት ሱቅ ነው፤ ለዚያውም ኮሚሽን የሚቆርጥ።

ክረምት ነው ወይስ እየሞተ ነው?

እዚህ ላይ የጅማ ሻጭ ከሌላው በላይ መጠንቀቅ አለበት። የእኛ ከተማ ብር ከቡና ጋር ይመጣል፣ ከቡና ጋር ይሄዳል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡም አለ፣ እጅም ያጥራል። መስከረም ላይ ደብተርና ዩኒፎርም ኪስ ያራቁታል። ቀዩ ቡና መለቀም ሲጀምር፣ ከጥቅምት ወዲህ፣ ያ "ቀንሺልኝ" ሲል የነበረ ሰውዬ ሳይከራከር ይገዛል። ስለዚህ ነሐሴን ከኅዳር ጋር አታወዳድሩ። ነሐሴን ካምናው ነሐሴ ጋር ነው። ዘንድሮ ኅዳርም እንደ ነሐሴ ከቀዘቀዘ ያኔ ነገሩ ከባድ ነው።

ሳይቱን ከመክሰሳችሁ በፊት የመዝጊያ ሰዓታችሁንም እዩ። በረመዳን ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የሚያልቅ ጨረታ ማን ያየዋል? ሰው አፍጥር ላይ ነው። የሥራ ቀን ረፋድ 4 ሰዓት ላይም ደመወዝተኛው ስልኩን አያወጣም። ለእኔ ጥሩው እሑድ ማታ 3 ሰዓት ነው፤ ከተቻለ ደሞዝ በወጣ ሰሞን። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል፤ እሱን አንችለውም። ሳይታችሁ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ዋጋ ሲጨመር ሰዓቱን የሚያራዝም ከሆነ ግን ትልቅ ነገር ነው። ኔትወርክ የተቋረጠበት ሰው ለመመለስ ዕድል ያገኛል።

"ነጻ ሆኗል" ሲባል

የመለጠፊያ ክፍያ ተነሳ ሲባል ብዙዎቻችን እልል አልን። እኔ ደስታው ብዙም አልገባኝም። ያሁ የተባለው የኢንተርኔት ድርጅት አሜሪካ ውስጥ የጨረታ አገልግሎቱን በ1998 በነጻ ጀመረ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። በ2001 መጀመሪያ ላይ ዕቃ ለመለጠፍ ማስከፈል ጀመረ፤ የዕቃው ብዛት ባንድ ጊዜ ረገፈ። በ2005 ክፍያውን መልሶ አነሳ። ለሻጭ ደስ ይላል። ተጫራቹ ግን እነዚያን ዓመታት ተፎካካሪው የጨረታ ሳይት ኢቤይ ላይ ከርሟል፤ ልማድ አውጥቷል። በ2007 ያሁ የአሜሪካውን ጨረታ ዘጋው።

ትልቅ ስም ማንንም እንደማያድን ለማየት ደግሞ ጃፓንን ተመልከቱ። እዚያ ነገሩ ተገልብጧል። ያሁ ጃፓን ጨረታውን በ1999 ጀመረ። ኢቤይ በወራት ዘግይቶ በ2000 ገባ። ሰዉ ያሁ ላይ ተሰብስቦ ጠበቀው። ኢቤይ በ2002 ጓዙን ጠቅልሎ ከጃፓን ወጣ። ያው አንዱ ኢቤይ አንድ አገር ላይ አሸናፊ፣ ሌላ አገር ላይ ተሸናፊ ሆነ። ልዩነቱ ተጫራቹ የት እንደተሰበሰበ ነው።

ስለዚህ "ነጻ ነው" የሚል ማስታወቂያ ስታዩ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ክፍያው የቀረው ተጫራች ለመሳብ ነው ወይስ እኛ እንዳንሸሽ? ተጫራች ለመሳብ ከሆነ ሌላም ነገር ይታያል። ማስታወቂያ ይሠራሉ፣ የማይከፍል አሸናፊን ያግዳሉ፣ ፍለጋውን ያስተካክላሉ። ለእኛ ለሻጮች ብቻ ከረሜላ ከታደለ ጠርጥሩ።

ዕቃውን ለይታችሁ ወስኑ

"ልቆይ ወይስ ልውጣ" የሚለው ጥያቄ ራሱ ትንሽ ይሳሳታል። የሚወጣው ሻጩ አይደለም፤ ዕቃው ነው። አንዳንዱ ዕቃ ከመጀመሪያውም ጨረታ ላይ መውጣት አልነበረበትም።

መርካቶ አካባቢ ያሉ አንድ ራዲዮ ጠጋኝ አሉ። አንድ ቀን ከእንጨት የተሠራ ራዲዮ ይዤ ሄድኩና "ጋሼ፣ ይሄ ስንት ያወጣል?" አልኳቸው። የጀርባውን ክዳን ከፍተው አምፖሎቹን አዩ። አቧራውን እፍ አሉ። የጣቢያ መቀየሪያውን አንዴ አዙረው፣ "ልጄ፣ ለፈላጊው ያወጣል" አሉኝ። ስንት እንደሆነ ግን አልነገሩኝም። ጨረታ የተፈጠረው እንዲህ ላለው ዕቃ ነው። የኢቤይ መሥራች ፒየር ኦሚድያር በ1995 ሳይቱን ሲጀምር መጀመሪያ የሸጠው የተበላሸ ሌዘር ጠቋሚ ነበር፤ 14.83 ዶላር አወጣለት። ገዢውን መበላሸቱን አይተሃል ወይ ብሎ ቢጠይቀው፣ ሰውየው የተበላሹትን እንደሚሰበስብ ነገረው ይባላል። የትኛው ባለ ሱቅ ነው ለዚያ ዕቃ ዋጋ የሚለጥፍለት?

ፍሪጅስ? የፍሪጅን ዋጋ ሁሉም ያውቀዋል። አዲሱ ስንት እንደሆነ ይጠይቃል፣ ከዚያ ላይ ቀንሶ ይመጣል። ሳምንት ሙሉ የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም፤ ዛሬ ነው የሚፈልገው። በርጩማውም እንዲሁ ነው። ከአንድ ግንድ የተጠረበ ቆንጆ ሥራ ነው፣ ግን ጠራቢው ነገም ሌላ ይሠራል። እነዚህን በቁርጥ ዋጋ አውጡ። ኢቤይም ራሱ በ2000 "አሁኑኑ ግዛ" የሚለውን አመጣ፤ ዛሬ አብዛኛው ሽያጩ በቁርጥ ዋጋ ነው።

የቡና አገር ሰዎች ስለሆንን አንድ የምታውቁትን ልጨምር። ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የሚባለው የቡና ውድድር ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ በተካሄደበት በ2020፣ አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና በኢንተርኔት ጨረታ አንዱ ፓውንድ በ185.10 ዶላር ተሸጠ። ፓውንድ ማለት ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ቡናው በቀማሾች ተቀምሶ ነጥብ ተሰጥቶታል፤ መጠኑ ጥቂት ነው፤ ተጫራቾቹ ከብዙ አገር የመጡ ናቸው። በየገበያው የሚሸጠውን ቡና ግን እንዲህ የሚያስጫርት የለም። ብርቅ ዕቃ፣ የታወቀ ጥራት፣ ብዙ ፈላጊ ሲገናኙ ነው ጨረታ የሚሠራው። ራዲዮአችሁ ላይ ቀማሽ የለም፤ ስለዚህ የቀማሹን ሥራ እናንተ ሥሩ። ጀርባውን አንሱ፣ ስንጥቁን አንሱ፣ ሲሠራ ቪዲዮ ቅረጹ። "አሪፍ ዕቃ ነው" ብሎ መጻፍ ለማንም አይረዳም።

ገንዘባችሁን ሳይቱ ላይ አታሳድሩ

ከሁሉም ምልክቶች እኔን ባንድ ጊዜ የሚያስነሳኝ ይህ ነው። ገዢው ለሳይቱ ይከፍላል፣ ሳይቱ ኮሚሽኑን ቆርጦ ለእናንተ ይልካል። በሦስተኛው ቀን ይገባ የነበረ ገንዘብ በሰባተኛው፣ ከዚያ በአሥራ ምናምነኛው መግባት ከጀመረና "ሲስተም ነው" የሚል መልስ ከበዛ፣ ተጫራች መቁጠሩንም ተዉት። አዲስ ዕቃ አታውጡ። ያላችሁን ቀሪ ሂሳብ በዚያው ቀን ወደ ባንካችሁ ወይም ወደ ቴሌብር አውጡ። የዓመት አባልነት፣ የቅድሚያ ማስታወቂያ ጥቅል፣ "አሁን ከከፈሉ ግማሽ ዋጋ" የሚባል ነገር ውስጥ አትግቡ።

የእያንዳንዱን ሽያጭ ማስረጃ ያዙ። አሸናፊው የተገለጸበትን ገጽ፣ የክፍያ መልእክቱን፣ ከሳይቱ ጋር የተጻጻፋችሁትን ስክሪንሾት አንሱ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 (ይህኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) ከወጣ ወዲህ መልእክት ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ አይኖረውም ማለት አይቻልም። ግን ማስረጃው በእጃችሁ ካለ ነው። ሳይቱ ላይ ብቻ ካለ፣ ሳይቱ የጠፋ ቀን አብሮ ይጠፋል።

ባለቤቶቹን ጠይቁ

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል። ኮመንት ላይ ከመሳደብ አሥር ሻጭ ሰብስቦ አንድ አጭር ደብዳቤ መጻፍ ይሻላል። የሻጮች ገንዘብ ከድርጅቱ ወጪ ጋር ባንድ ሂሳብ ነው የሚቀመጠው ወይስ ለብቻው? ለመዝጋት ብትወስኑ ከስንት ቀን በፊት ትነግሩናላችሁ? የደንበኛ አስተያየታችንንና የሽያጭ ታሪካችንን አውርደን መውሰድ እንችላለን? በቀንና በቁጥር ከመለሱላችሁ እሰየው። "በቅርብ ቀን አዳዲስ ነገሮች ይኖራሉ" ካሏችሁ መልሱ ያው ነው፣ ገብቷችኋል።

ሁለተኛውን ቦታ ቀስ ብሎ መሥራት

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሳይቱ በተዘጋ ማግስት የሚከፈት የቴሌግራም ቻናል ባዶ ነው የሚሆነው። አሁኑኑ ክፈቱትና ቁርጥ ዋጋ ያላቸውን ዕቃዎች አስገቡበት። ፎቶዎቻችሁን በዋናው ጥራት ስልክና ሌላ ቦታ ላይ አስቀምጡ። የዕቃ መግለጫዎቻችሁን ቅዱ። በየጥቅሉ ውስጥ ስምና ስልክ ያለበት ወረቀት ጨምሩ።

አንድ ነገር ግን አታድርጉ፦ ሳይቱ ላይ ጨረታ እየሄደ ተጫራቹን በኢንቦክስ "ውጭ እንጨርስ" አትበሉ። ደንብ መጣስ ነው። ደግሞም ዋጋውን የሚሰቅለውን ያን ሁለተኛ ሰው በገዛ እጃችሁ ታባርሩታላችሁ። ሽያጩ ካለቀ በኋላ ግን ደንበኛው የእናንተም ነው።

ቴሌግራም ላይ ራሳችሁ ጨረታ ማካሄድ ትችላላችሁ። ደንቡን ከዕቃው ጋር አብራችሁ ለጥፉ፦ መነሻ ዋጋ፣ ጭማሪ፣ የሚያልቅበት ቀንና ሰዓት፣ የመጓጓዣው ወጪ የማን እንደሆነ። ዋጋ የሚጠራው በኮመንት ይሁን፤ በኢንቦክስ የመጣ ዋጋ አትቀበሉ፣ ሌላው አያምናችሁም። ኤዲት የተደረገ ኮመንት አይቆጠር፤ ቴሌግራም ራሱ መታረሙን ያሳያል። አንዳንዱ ዋጋ ጠርቶ ያጠፋዋል። ለዚያ መድኃኒቱ ለእያንዳንዱ ዋጋ ወዲያው "5,700 ተመዝግቧል" ብሎ መመለስ ነው፤ የእናንተ መልስ ይቀራል። በመጨረሻው አምስት ደቂቃ ውስጥ ዋጋ ከመጣ አምስት ደቂቃ ጨምሩ። ውድ ለሆነ ዕቃ ቀብድ ጠይቁ። አሸናፊው ከጠፋ ለሁለተኛው ሰው እሱ በጠራው ዋጋ አቅርቡለት፤ ብዙ ጊዜ ይወስደዋል።

ክፍያ ላይ ደግሞ ገዢው የላከላችሁን ስክሪንሾት አትመኑ። የተቀነባበረ ስክሪንሾት ሞልቷል። የራሳችሁን አፕ ከፍታችሁ ብሩ መግባቱን አይታችሁ ነው ዕቃ የሚወጣው። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አንዴ አውቶቡስ ላይ የወጣ ራዲዮ አይመለስም። ራዲዮ ስትልኩ መቀየሪያዎቹን በስፖንጅ ሸፍኑ፣ ካርቶኑ ውስጥ ክፍተት አይኑር። በርጩማ ከሆነ እግሮቹን በጨርቅ ጠቅልላችሁ በማዳበሪያ ክተቱት፤ ስልክ ቁጥሩን በሁለት በኩል በማርከር ጻፉ፣ አንዱ በጉዞ ይፋቃል። የረዳቱንም ስልክ ያዙ።

ከሳይቱ ለመውጣት የወሰናችሁ ደግሞ ሥርዓት ይኑራችሁ። በመሄድ ላይ ያለ ጨረታ አትሰርዙ፤ ያሸነፈውን ሰው ዕቃ ላኩ። አዲስ ሲሆን የአምስት ወይም የሰባት ቀን ጨረታ ብቻ እንጂ የወር አታውጡ። ቀሪ ሂሳባችሁ ዜሮ ሲሆን አካውንቱን ወዲያው አትዝጉት፣ አሮጌ ደንበኛ እዚያ ይፈልጋችኋል። መግለጫው ላይ አድራሻ መጻፍ ከተፈቀደ ጻፉበት።

እኔ በርጩማዎቹንና የመምህራኑን ዕቃ ወደ ቻናሌ አዙሬያለሁ። ራዲዮና ካሜራ አሁንም ሳይቱ ላይ ናቸው፤ እዚያ እስካሁን ከሁለት የሚበልጥ ሰው ይመጣላቸዋል። ገንዘቡን በገባ ዕለት አወጣለሁ። ኅዳር ላይ ደብተሩን እንደገና እከፍታለሁ፤ ቡናው ወጥቶ ተጫራቹ አንድ ብቻ ከሆነ ራዲዮዎቹም ይነሳሉ።